ጥቁሩ ማዕዘን

እሁድ ማታ

ልጄ የምንኖርባትን የአሜሪካ ግዛት፣ የሜሪላንድን ባንዲራ ሥሎ እንዲያመጣ ታዟል። ከምሳ በኋላ የቀለም እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጀመረ፤ እራት ሲቀርብ ገና ሩቡን አልጨረሰም። አልፈርድበትም። የእኛን ቢያዙት ሦስት መስመር ነበር፤ ገና ቡናው ሳይፈላ ይገላገለው ነበር።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህን ባንዲራ ሳላየው የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። መኪና ላይ አለ፣ ኮፍያ ላይ አለ፣ ሸርጣን ሲሥሉ እንኳ ጀርባው ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ ሰሞን የመኪና እሽቅድምድም ባንዲራ ይመስለኝ ነበር። ደህና አድርጌ ያየሁት ግን ዛሬ አብሬው ቁጭ ብዬ ሳቀልም ነው።

አንደኛው ሩብ ስድስት ቋሚ መስመር አለው፤ ወርቅማ፣ ጥቁር፣ ወርቅማ፣ ጥቁር እያለ ይሄዳል። ከላይ ከግራው ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ መቀነት ያቋርጠዋል። መቀነቱ ወርቁ ላይ ሲደርስ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ወርቅ ይሆናል። ልጄን ያስለቀሰው ይሄ ነው፤ ሁለቴ ወረቀት ቀየርን። ይህ የካልቨርቶች የቤተሰብ ምልክት ነው። ግዛቱን በ1632 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ቻርልስ የተቀበሉት እነሱ ናቸው። ቀይና ነጩ ደግሞ የጆርጅ ካልቨርት እናት ወገን፣ የክሮስላንዶች ነው፦ ጫፍ ጫፉ እንደ እምቡጥ ሦስት ሦስት ሆኖ ያበጠ መስቀል። «የእማማን የአንገት መስቀል ይመስላል» አለ ልጄ። እውነቱን ነው። እናቴ ብታየው ትሳለመዋለች።

እስከዚህ የአባትና የእናት ወገን ጉዳይ ነው። የሚከብደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሳበት ከ1861 በኋላ ያለው ነው። ሜሪላንድ ባርያ የሚሸጥባት፣ ግን እንደ ደቡቦቹ ግዛቶች ከኅብረቱ (ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት) ሳትገነጠል የቀረች ግዛት ነበረች፤ ልጆቿ ለሁለት ተከፍለው ተዋጉ። ጥቁርና ወርቁ ከኅብረቱ ጋር ቀረ። ለደቡብ ያደሉት ቀይና ነጩን ያዙ፤ ወታደሮቻቸው ያንን መስቀል ልብሳቸው ላይ ይሰኩት ነበር። ከተማ የቀረው ደጋፊም ከረባቱን፣ ካልሲውን፣ የልጆቹን ልብስ ሳይቀር በቀይና ነጭ ያሠራ ነበር፤ የፌዴራሉ ሹማምንት ደግሞ ያንን የለበሰውን ያሳድዳሉ። ስለ ባንዲራው ሳነብ ካልሲ የሚለው ላይ ስደርስ ዝቅ ብዬ የልጄን እግር አየሁ። ለልደቱ የገዛሁለትን የባንዲራ ካልሲ አጥልቋል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ቀለሞች አንድ ጨርቅ ላይ ተሰፉ። ኦክቶበር 11 ቀን 1880 ባልቲሞር 150ኛ ዓመቷን ስታከብር ሰልፉ ላይ ተውለብልቧል። ሕግ የወጣለት ግን በ1904 ነው። ሃያ አራት ዓመት ያለ አዋጅ! እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ኮከቡ በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንጨቃጨቅበታለን። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሲመረቅ ኬኩ ላይ ልሙጡ ይሁን ባለኮከቡ ስንባባል አመሸን። በመጨረሻ ጽጌረዳ ተደረገበት።

ባንዲራው የእርቅ ነው ይላሉ። ይሁን። ግን የታረቁት ሁለቱ ተዋጊዎች ናቸው፤ የተሸጠውንና የተለወጠውን ሰው ማን ጠየቀው? ሊንከንን አምባገነን የሚለውን የግዛቱን መዝሙር በ2021 አንስተውታል፤ ባንዲራውን ግን የነካው የለም። ነገሩ እየከነከነኝ እኔም ልጁን ካልሲህን አውልቅ አላልኩትም።

ሲጨርስ ሥዕሉን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩለት።

«አባዬ፣ ገለበጥከው።»

አራት ሩብ፣ ሁለት ሁለቱ አንድ ዓይነት፤ እኔ ምኑም አልታየኝም። በምን አወቅህ አልኩት። በበትሩ በኩል ያለው የላይኛው ማዕዘን ጥቁር መሆን አለበት አለኝ፤ ወርቅ ከሆነ ተዘቅዝቋል ማለት ነው። ወንበር ጎትቶ ወጣና አዞረው።