አጎቴን ጭቃ ውስጥ የጣለው ትንበያዬ

ግንቦት 2010 ላይ ነው። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ ማታ ደወለልኝ። «አንተ፣ ያ ስልክህ ላይ የምታፈጥበት ንፋስ ምን ይላል? ልውጣ ልተኛ?» እኔም ደረቴን ነፍቼ «ውጣ፣ ይሄ ደካማ ነው፣ የብስ ሲነካ ይሞታል» አልኩት።

ሳጋር ይባላል አውሎ ነፋሱ። ቅዳሜ ግንቦት 11 ሶማሌላንድ ውስጥ ሉግሃያ አካባቢ ምድር ነካ፣ ከእኛ ከድሬዳዋ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት በሰሜን ህንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ውስጥ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የነካ አልነበረም። ነፋሱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሀሪኬን ለሚባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ደረጃ አንድ እንኳ 119 ይፈልጋል፣ ስለዚህ ተራ ነገር ነው ብዬ ናቅኩት። ነፋሱም እንዳልኩት ሞተ። ዝናቡ ግን አልሞተም። አጎቴ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ሲሄድ ደረቅ የነበረ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው፣ ሁለት ሌሊት ጭቃ ውስጥ አደረ። ሲመለስ የተናገረውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። አንዱ ግን «አንተ ንፋስ ቁጠር፣ እኔ ጎማ ላውጣ» ነበር።

ነገሩ እንዴት ጀመረ ካላችሁ፣ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችኝ። ከቀትር በኋላ በዚያ ሙቀት ደንበኛ የለም፣ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ዊንዲ በሚባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ። ከአጎቴ ጉዳይ በኋላ ግን ዝም ብሎ ማፍጠጥ ቀረና ደብተር ገዛሁ። አንድ አውሎ ነፋስ ስም ሲወጣለት ከ72 ሰዓት በኋላ የት እንደሚሆንና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነፍስ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። በእርሳስ አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ፣ እጄ ራሱ ሄዶ ያስተካክለዋል። ቀኑ ሲደርስ ስህተቴን ካርታው ላይ እለካለሁ።

የሚሄድበትን መንገድ መገመት ከጠበቅኩት ቀላል ሆኖ አገኘሁት። አውሎ ነፋስ ራሱን አይነዳም፣ በዙሪያው ያለው ትልቁ ነፋስ ነው የሚወስደው፣ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ ላዩ ላይ እንደወደቀ ቅጠል። የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ሞዴል፣ ማለትም የኮምፒውተር ትንበያ፣ ጎን ለጎን እከፍታለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ መሃላቸውን እጽፋለሁ፣ ከተጣሉ ደግሞ አንዱን መርጬ ጀግና መሆን ትቻለሁ። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል አትላንቲክ ላይ የ24 ሰዓት ስህተቱ ዛሬ በአማካይ፣ በመኪና መንገድ ብንለካው፣ ከድሬ ሐረር ያህል ነው፣ የ72 ሰዓቱ ከድሬ ጅግጅጋ። በፈረንጅ 1980ዎቹ የ72 ሰዓቱ ከድሬ አዲስ አበባ ያህል ነበር። የትንበያ ካርታቸው ላይ እየሰፋ የሚሄደውን ነጭ ሾጣጣ አይታችሁት ይሆናል። እሱ የአውሎ ነፋሱ ስፋት አይደለም፣ መሃሉ የት ሊሆን እንደሚችል ነው፣ ከሦስት አንዴ ደግሞ መሃሉ ከሾጣጣው ይወጣል። ይህን ሳላውቅ «ከመስመሩ ውጭ ነን፣ ተኙ» ያልኳቸው ሰዎች አሉ፣ አቦ ይቅር ይበሉኝ።

ጥንካሬው ላይ ግን ተዋረድኩ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ባሕሩ ወደ 26.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሙቅ፣ አየሩ እርጥብ ይሁን፣ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ ብዙ አይለያይ። አውሎ ነፋስ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት የጭስ ማውጫ ነው፣ አናቱን ከገፉት ይዘማል። ይህን ሁሉ ይዤ ኅዳር 2013 ላይ ጋቲ የሚባል አውሎ ነፋስ መጣ። ደብተሬ ላይ «85» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ65 ወደ 185 ገደማ ዘለለ! ኅዳር 13 ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ውስጥ ሐፉን አካባቢ ሲገባ በዚያች አገር ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆነ። ስሙ በህንድኛ ፍጥነት ማለት ነው፣ ያወጡለት ሰዎች ያወቁ ይመስላል። ባለሙያዎቹም ያን ያህል አልጠበቁም ነበር። ትንሽ ነበረ፣ ትንሽ የሆነ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይፈነዳል፣ ጠባቡን እምብርቱን ሞዴሎቹ በደንብ አያዩትም። ሜክሲኮ አካፑልኮን ጥቅምት 2016 ላይ የመታው ኦቲስም አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ከተራ ማዕበል ተነስቶ የመጨረሻው ደረጃ፣ ደረጃ አምስት ደርሷል። አሁን ጥንካሬን በአንድ ቁጥር አልጽፍም፣ «ከዚህ እስከዚህ» እላለሁ፣ ክፍተቱ ያሳፍራል፣ ግን ይሁን።

ሦስተኛ ዓምድ የጨመርኩት ለዝናብ ነው። የድሬ ልጅ ሆኜ ይህን መዘንጋቴ እስካሁን ይቆጨኛል። የ1998ቱ ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ሲወስድ አውሎ ነፋስም አልነበረ፣ ውሃው ከላይ ከደጋው ነው የወረደው። እዚህ ሰው ወንዙን ሳይሆን ከላይ ያለውን የደንገጎን ተራራ ነው የሚያየው፣ ሰማዩ እዚያ ሲጠቁር ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ይወጣል። የሀሪኬን ደረጃ ደግሞ የሚለካው ነፋስ ብቻ ነው፣ ስለ ውሃው አንድም ቃል አይልም።

አጎቴ አሁንም ይደውላል። «ንፋሱን ተወው፣ ውሃው ስንት ነው?» ነው የሚለኝ። ባለፈው «እስከ ሐሙስ ቆይ» አልኩት። ቆየ፣ አንድ ጠብታ አልወረደም፣ የሁለት ቀን ገቢውን ቁጭ ብሎ በላ። ይህንንም ጻፍኩት፣ በእስክሪብቶ።