ለድመቶቼ ካትኒፕ ስሰጥ ያየሁት

ቨርጂኒያ፣ አፓርታማ ውስጥ ከሁለት ድመቶች ጋር ነው የምኖረው፤ ከሚሚና ከጉሬዛ። ከቤት የማይወጣ ድመት ይሰለቸዋል። መጫወቻ ብቻ አይበቃውም። ካትኒፕ የጀመርኩላቸውም ለዚህ ነው።

ካትኒፕ የናና፣ የበሶብላና የጦስኝ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ ውስጥ ኔፔታላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ድመቷን የሚያስፈነጥዛት ስትበላው ሳይሆን ስታሸተው ነው። ስለዚህ ከደረቁ ይልቅ ችግኙን ገዝቼ በረንዳ ላይ ተከልኩት። ፀሐይ ካገኘና ውሃ ካልተኛበት ሌላ ጣጣ የለውም።

ጥቂት ቅጠል ቆርጬ በመዳፌ ደህና አድርጌ አሸሁት። ሲታሽ ነው ጠረኑ የሚወጣው። ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ላይ ጣልኩላቸው። ሚሚ መጀመሪያ አሸተተች፣ ቀጥላ ላሰች። ከዚያማ ጉንጯንና አገጯን እያፈራረቀች ታሻሸው ጀመር። ለሃጯ ተዝረከረከ። በጀርባዋ ተንከባለለች፣ ጨርቁን በፊት እግሮቿ አቅፋ በኋላ እግሮቿ ደበደበችው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድንገት ተወችውና ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ጨርቁን መልሼ ባቀርብላትም ዞር ብላ አላየችውም። ስሜቱ አንዴ ካለፈ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደጋግሞ መስጠት ዋጋ የለውም።

ጉሬዛስ? አሸተተና ሄደ። በቃ።

ምንም አልጎደለውም። ከሦስት ድመቶች አንዱ ያህል ለካትኒፕ ደንታ የለውም፤ ነገሩ በዘር የሚወረስ ነው። ግልገሎችም ጥቂት ወራት እስኪሞላቸው ድረስ አይሰማቸውም። በ2017 በወጣ ጥናት 100 ድመቶች ተፈትነው፣ ሲልቨር ቫይን ለሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ተክል 80 ያህሉ ምላሽ ሰጥተዋል። ካትኒፕ ካልነካቸው መካከል እንኳ አብዛኞቹ ወደውታል። ይህን ሳነብ ዱቄቱን ገዝቼ መቧጠጫው ላይ ነሰነስኩለት። ያ ኩሩ ጉሬዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለ! ደስታዬን አልደብቅም።

አንዲት ጓደኛዬ ሚሚን አይታ «ድመቷን አሰከርሻት እኮ!» አለችኝ። ስካር አይደለም፣ ሱስም አያስይዝም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሳዩት፣ ከሲልቨር ቫይን የሚገኘው ተመሳሳይ ንጥረ ነገር የድመቷን የራሷን ኢንዶርፊን፣ ማለትም ሰውነቷ የሚያመነጨውን የደስታ ንጥረ ነገር፣ ይጨምራል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ንጥረ ነገሩ ጭንቅላታቸው ላይ ባለ ድመቶች ላይ የሚያርፈው ቢምቢ ቀንሶ ተገኝቷል። መተሻሸቱ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነው ማለት ነው። ሚሚ ጉንጯን ስታሽ አሁን በሌላ ዓይን ነው የማያት።

ከልምዴ የምመክረው፦ ስትንከባለል እጃችሁን አታስገቡ፣ በደስታዋ መሃል ልትነክስ ትችላለች። ሁለት ድመት ካላችሁ መጀመሪያ ለየብቻ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ተደባዳቢ ይሆናል። ብዙ ከበላች ሊያስመልሳት ወይም ሊያስቀምጣት ስለሚችል ቁንጥር ይበቃል። ደረቁን በደንብ በሚከደን ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ ጠረኑ ቶሎ አይጠፋም። ሶፋችሁን የምትቧጥጥ ከሆነ ደግሞ መቧጠጫዋ ላይ እሹት። የኔ ሶፋ የተረፈው እንደዚያ ነው።