ጎርጎራ ሊደርስ ያልቻለው ኮድ

ባሕር ዳር በሚገኘው ቢሮአችን፣ ጣና ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ከሳተላይት ምስል የሚለይ ፕሮግራም እንሠራለን። ኮዱ የሚቀመጠው የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚመዘግበው ሶፍትዌር፣ በጊት ነው። ለፍተሻ የሚያገለግሉ የሳተላይት ምስሎችም ከኮዱ ጋር አብረው ይገቡ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር ፈጣን ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም።

ችግሩን የገለጠው ለመስክ ሥራ ጎርጎራ የሄደው ወጣት ባልደረባችን ነው። «ጋሼ፣ ዛሬም መሃል ላይ ተቋረጠ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ» አለኝ በስልክ። ጥፋቱ የኔትዎርኩ ብቻ አልነበረም፤ በጊት የተቋረጠ ክሎን (ኮዱን ከነታሪኩ ማውረድ) ካቆመበት አይቀጥልም።

«ሰብቨርዥን ብንጠቀም ይህ አይደርስብንም ነበር» ያለ ባልደረባ ነበር፤ ግማሽ እውነት አለው። እንደ ጊት ለውጥ የሚመዘግበው ሶፍትዌር ሰብቨርዥን፣ ታሪኩን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ለተጠቃሚው የሚሰጠው የሚፈልገውን ቅጂ ብቻ ነው። ነገር ግን ያለፈውን ለውጥ ለማየትም ሆነ አዲሱን ለመመዝገብ ሰርቨሩን ማግኘት ግድ ይላል፤ ለመስክ ሠራተኛ ይህ ከባድ ዕዳ ነው። ጊት የሚፈጥነው ሙሉ ታሪኩ በራስ ዲስክ ላይ ስላለ ነው። ክፍያው በመጀመሪያው ማውረድ ላይ ይመጣል።

እኛን የጎዳን የምስሎቹ ጠባይ ነው። ጊት እያንዳንዱን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እንደ ሙሉ ቅጽበታዊ ቅጂ ይመዘግባል፤ ያልተለወጠ ፋይል ግን በይዘቱ ስለሚታወቅ ደግሞ አይቀመጥም። በኋላም ተመሳሳይ ፋይሎችን በልዩነታቸው ብቻ አጥፎ ያሽጋቸዋል። ለጽሑፍ ድንቅ ዘዴ ነው! ቀድሞ የታመቀ ምስል ግን ጥቂት ሲታረም ባይቶቹ በብዛት ስለሚለወጡ፣ እያንዳንዱ እርማት ሙሉ ምስል የሚያህል ቦታ ይይዛል። ፋይሉን መሰረዝም አይረዳም፤ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። እንደ ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 የተወለደው ሌላው የለውጥ መመዝገቢያ ሜርኩሪያል ለውጦችን በየፋይሉ ቢደረድርም፣ እንዲህ ያለ ምስል እርሱንም ያከብደዋል።

ለጊዜው ታሪኩን በአንድ የጊት ባንድል ፋይል ጠቅልለን በፍላሽ ወደ ጎርጎራ ላክን፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያወርደው አዲሱን ለውጥ ብቻ ሆነ። ቀጥለን ምስሎቹን ከታሪኩ አውጥተን ወደ ጋራ ዲስክ አዛወርናቸው፤ በጊት የቀረው ስማቸውና የይዘት አሻራቸው (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) ነው። ታሪክ እንደገና ሲጻፍ የኮሚት መለያዎች ስለሚቀየሩ፣ ሁሉም እንደገና ክሎን እንዲያደርግ ግድ ሆነ። ከድሮ ቅጂ አንድ ሰው ቢልክ ምስሎቹ ተመልሰው ይገቡ ነበርና፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ኮምፒውተር ዞሬ አየሁ፤ የጎርጎራውንም በስልክ አስፈተሽኩ።