ፉ እና ባር ከየት መጡ?

ዛሬ አብራኝ የምትሠራ ጀማሪ ፕሮግራመር ኮድ እያነበበች ቀና አለች። «ይሄ ፉ እና ባር የሚሉት ምንድነው? መማሪያው ሁሉ ውስጥ አለ፣ የሚያብራራው ግን የለም።»

«ስም ላልወጣለት ነገር የሚሰጥ ስም ነው። እንደ እገሌና እንትና» አልኳት። አልበቃትም። ቁጭ ብለን ፈለግን።

ሁለቱ ሲገጣጠሙ ፉባር ይሆናሉ። ፉባር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ይጠቀሙበት የነበረ ምህጻረ ቃል ነው። ስድቡን ስናወጣለት «መለየት እስኪያቅት የተበላሸ» እንደማለት ነው። ዘመዱ ስናፉ ደግሞ ይብሳል፦ «ሁኔታው እንደወትሮው ነው፤ ሁሉም ነገር ተበላሽቷል።» እኔን የያዘችኝ ያቺ «እንደወትሮው» ናት። ጦር ሠራዊት ምህጻረ ቃል ይወዳል፤ ወታደሩ በዚያው በአለቆቹ ቋንቋ አላገጠባቸው። ሌሊት ሰርቨር ሥራ አቁሞበት የሚያውቅ ፕሮግራመር ቃሉን ቢዋስ አይገርምም።

ፉ ለብቻው ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካዊው ካርቱኒስት በቢል ሆልማን የጋዜጣ ካርቱን ላይ ነበር። በኋላ የኤምአይቲ፣ የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የሞዴል ባቡር ክበብ ልጆች አዘወተሩት። ይባስ ብሎ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነዶች በሚወጡበት የአርኤፍሲ መዝገብ ውስጥ ስለ ፉ አመጣጥ የተጻፈ ሰነድ አለ፤ ቁጥር 3092። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤፕሪል 1 ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ።