ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል

ድምፁ «ጠቅ» ነው። አንዴ ብቻ። በኋላ ጎማ ቆሜ ለመዝለል ፔዳሉን በኃይል ስረግጥ ይመጣል። ዝም ብዬ ስነዳ የለም። ብስክሌቷን ሰቅዬ በእጄ ሳዞራትም የለም። የፔዳሉ ኩሺኔታ ነው ብዬ ደመደምኩ። አወጣሁት፣ አዲስ ገጠምኩ። ጠቅ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ጥፋቱ የራሴው ነበር። ነገሩ የጀመረው ኮሮና (ካቴናው የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ስቀይር ነው።

ብስክሌቴ ትራያልስ ናት፣ መሰናክል ላይ ለመዝለል የተሠራች፤ ጎማዋ ባለ 26 ኢንች ነው። ከፊት 18 ጥርስ፣ ከኋላ 15 ነበራት። ወደ 22 እና 18 ቀየርኳት። ማርሹ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ የድሮው 1.2፣ የአሁኑ 1.22። እግር ልዩነቱን አያውቀውም። ካቴናው ግን ያውቀዋል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 170 ሚሊ ሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ ክብደቱን ሙሉ ቢጥል፣ ባለ 18 ጥርሱ ኮሮና ካቴናውን በ370 ኪሎ ገደማ ይጎትተዋል። በባለ 22ቱ ይኼ ወደ 305 ይወርዳል። ካቴና ጥርስ የሚዘለው ደግሞ መሬት ላይ ስትለማመዱ አይደለም፤ ግንብ ጫፍ ላይ ስትሆኑ ነው። ቅልጥሜ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው።

ያላሰብኩት ነገር ቦታ ነው። ከ18 ወደ 22 ሲኬድ ኮሮናው በየአቅጣጫው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከሱ ጋር የሚታሰረው የድንጋይ መከላከያ ቀለበትም አብሮ ይሰፋል። ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የቴላዮ (የብስክሌቷ አፅም) ቱቦ ግን ባለበት ነው። ስገጥመው በቀለበቱና በቱቦው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ነበር። «አልነካም አይደል? በቃ» አልኩ።

ስትሰቀል የማትነካ ብስክሌት ስትረገጥ ትነካለች። ይኼን የነገረኝ የወረቀት ፕላስተር ነው። ቱቦው ላይ ለጠፍኩ፣ የቀለበቱን ብሎኖች ራስ በማርከር ቀባሁ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ ፔዳሉ ላይ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩ። ከዚያ አሥር ጊዜ ያህል ዘለልኩ። ፕላስተሩ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ ተቀምጧል። ቴላዮውም የፔዳሉ ክንድም ይተጣጠፋሉ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለነሱ ምንም አይደለም። ያ «ጠቅ» የብሎን ራስ ቱቦውን ሲመታ ነበር ማለት ነው። ያለጥፋቱ የተባረረውን ኩሺኔታ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። የፔዳሉ ኩሺኔታ በቀኝ በኩል ቴላዮው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለ 1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ጣል ማድረግ። ያኔ ሁሉም ነገር 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ክፍተቱ 1.5 ይሆናል። አደረግኩት። ድምፁ ጠፋ። ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ቀን ቆየ፤ በማግስቱ ካቴናው መንሾካሾክ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ካሊፐር (የሚሊ ሜትር መለኪያ) ማንሳት የነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ዘግይቼ አነሳሁት። የፊትና የኋላ ኮሮና በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ ልኩ የሚወሰደው ከብስክሌቷ መሐል ነው። የኋላውን እንዲህ ለካሁ። ሞዞው (የጎማው መሐል) የሚገባበት የቴላዮ ስፋት 135 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 67.5። ጎማው ከሚታሰርበት የቴላዮ ጫፍ ውስጠኛ ገጽ እስከ ጥርሱ መሐል 24 አገኘሁ። ሲቀነስ 43.5። ለፊተኛው የመቀመጫውን ቱቦ ተጠቀምኩ (ትራያልስ መቀመጫ ባይኖራትም የቱቦው ስም አልተቀየረም)። የቱቦው ግማሽ 15.9፣ ከቱቦው ጎን እስከ ጥርሱ መሐል 31.1፤ ድምሩ 47። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል። ከሮንዴላው በፊትም 2.5 ነበር፤ እኔ አባስኩት እንጂ አልፈጠርኩትም።

የትራያልስ ካቴና አጭር ነው። ያቺው ጥቂት ሚሊ ሜትር በረጅም ካቴና ላይ የምትሠራው ማዕዘን ትንሽ ነው፤ በአጭር ላይ ግን ትሰፋለች። ለዚህ ነው በሌላ ብስክሌት ዝም የሚባለው ልዩነት እዚህ የሚያስጮኸው።

የፊቱን መልሼ ማስገባት አልችልም፤ ቱቦው ይጠብቀኛል። ስለዚህ የኋላውን ወደ ውጭ። የኔ ሞዞ ላይ ኮሮናው ተንሸራቶ ስለሚገባ በግራና በቀኙ ሮንዴላዎች አሉት። ከውጭ በኩል 2 ሚሊ ሜትር አንስቼ ወደ ውስጥ አዞርኩ። 45.5 ሆነ፤ ልዩነቱ ወደ 1.5 ወረደ። ለምን ጨርሼ አላስተካከልኩም? ምክንያቱም አሁን ደግሞ የካቴናው ፒን ጫፍ በኋላ በኩል ያለውን ብየዳ ሊስም ተቃረበ። አንድ ጓደኛዬ «ብየዳውን ሞርደው» አለኝ። አልሞርድም። ያ ቦታ ከባድ ሸክም የሚያርፍበት ነው።

ያዳነኝ ካቴናው ራሱ ነው። ጥርሶቼ ለቀጭኑ ለ3/32 ኢንች የተሠሩ ሆነው ሳለ እኔ ወፍራሙን ባለ 1/8 ነበር የማስረው፤ «ይጠነክራል» ብዬ። ቀጭኑን ሳስር በሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ቦታ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ጥርሱ ለወፍራሙ የተሠራ ከሆነ ቀጭኑ አይቀመጥበትም፤ መጀመሪያ ጥርሱን ለኩ።

የካቴናው ርዝመት አላስቸገረኝም ማለት ይቻላል። ካቴና እያንዳንዱን ኮሮና ግማሽ ዙሩን ነው የሚያቅፈው። ከፊት 4 ከኋላ 3 ጥርስ ከጨመርኩ የሚያስፈልገኝ 3 ተኩል ዘለላ (አንድ ጥርስ የሚይዝ የካቴና ቁራጭ) ነው። ተኩል ዘለላ የሚባል ነገር የለም፣ አራት ጨመርኩ። የተረፈችው ግማሽ ጎማውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋችው። ያችም ሥራ አመጣች፦ የፍሬን ላስቲኮቹ የቸርኬውን ጠርዝ ስተው ስለያዙ እንደገና አስተካከልኳቸው።

ስትወጥሩ ጎማውን ሙሉ ዙር እያዞራችሁ ካቴናው በጣም የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈልጉና እዚያ ላይ ወጥሩ። ኮሮና ፍጹም ክብ አይደለም፤ በላላበት ቦታ ከወጠራችሁ በሌላው ቦታ ኩሺኔታውን ታንቃላችሁ። ፍሪዊሉ (ፔዳሉ ቆሞ ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው) ከፊት ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ ቆሞም ጎማው እስከዞረ ድረስ ካቴናው ይዞራል፤ ጣታችሁን አርቁ። ፍሪዊሉ የሚጠመዘዝበትን ጥርብም ግሪስ ሳትቀቡ አትግጠሙ። እኔ ደረቁን ገጥሜ ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ እያንዳንዷ ርግጫ እያጠበቀችው ነው የምትሄደው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቀን ተለማምጄባታለሁ። ፕላስተሩን አላነሳሁትም። ሦስቱ ነጥቦች አልተደገሙም፤ በብየዳው በኩል የለጠፍኩት ላይ ግን ፀጉር የምታክል መስመር አለች፣ ከባድ ዝላይ ያረፍኩበት ቀን የመጣች። የኋላውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ልመልሰው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ዓመት የነዳችሁ ካላችሁ ካቴናችሁ ምን ያህል እንደቆየ ንገሩኝ።