ቀንና ወር ያምታቱብኝ የቤት ሒሳብ

የቤታችንን ገቢና ወጪ በኮምፒውተር ለመያዝ ስነሳ አንድ ሰው «ያለፈውን ተወው፣ ከዛሬ ጀምር» ቢለኝ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ባልተንገበገብኩ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛንም በሰው ፊት ባላስቀየምኩ ነበር። ማንም አላለኝም።

የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሒሳባችን ለዓመታት በእሷ ደብተር ላይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደብተሩ አንድም ቀን አላሳፈረንም። ነገር ግን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘባችን ሦስት ቦታ ተበተነ፦ ባንክ፣ ስልክ፣ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛወርነውን እንደ ወጪ ሁለት ጊዜ እየቆጠርን ስንጨቃጨቅ፣ «ይህን ኮምፒውተር ይፍረደን» አልኩ።

ምርጫው ያን ያህል አላስቸገረኝም። መጀመሪያ የጫንኩት የስልክ መተግበሪያ መልእክቶቼን ሁሉ ለማንበብ ፈቃድ ጠየቀኝ። የባንክ መልእክትም፣ የማረጋገጫ ቁጥርም የሚመጣው እዚያው ስለሆነ ወዲያው አጠፋሁት። ሁለተኛው ዕቁብ አያውቅም። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን በየወሩ 3,000 ብር እንጥላለን፤ በሦስተኛው ዙር ዕጣው ወጣልንና 36,000 ብር ስናስገባ መተግበሪያው «ገቢ» ብሎ በአረንጓዴ ጻፈልኝ። ከዚያ ውስጥ የራሳችን 9,000 ብቻ ነው፤ 27,000ው ዕዳ ነው! እንዲህ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ትዳር ያፈርሳል። ዕጣ እስኪወጣ ዕቁብ ሀብት፣ ከወጣ በኋላ ዕዳ መሆኑን መጻፍ የማያስችል ፕሮግራም ለእኛ አገር ቤት አይሆንም።

በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚቀመጡትን ደግሞ ገና ከበሩ መለስኳቸው። በአሜሪካ ስንት ሰው ይጠቀምበት የነበረው ሚንት እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል። የእኔ ሒሳብ እኔ ቤት ይቀመጥ። የቀሩት ሆምባንክና ግኑካሽ ነበሩ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ፋይላቸውም በራስ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሆምባንክ ቀለል ይላል። ግኑካሽን የመረጥኩት እያንዳንዱ ብር ከየት ወጥቶ የት እንደገባ በሁለት ወገን ስለሚያስጽፍ ነው፤ ዕቁቡ ያለ ክርክር ቦታውን አገኘ። ጫንኩት፣ መገበያያውን ብር አደረግኩ፣ ከሚያቀርባቸው የሒሳብ መደቦች አብዛኛውን ሰረዝኩ። አንድ ምሽት በቂ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ያለፉትን ስድስት ወራት ማስገባት አማረኝ።

ባንክ ሄጄ ከጁላይ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ያለውን የሒሳብ መግለጫ በፋይል እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። «በወረቀት ነው የምንሰጠው።» ፍላሽ ይዣለሁ አልኩ። «ማመልከቻ ይጻፉ።» ጻፍኩ። በማግስቱ ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን ሲስተም አለ፣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን አሥራ አራት ገጽ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ወይን ጠጅ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። ማኅተሙ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ቁጥሩን በላው፤ ሥሩ ያለችው 3 ትሁን 8 ለመለየት ወረቀቱን ወደ መስኮት እያነሳሁ በብርሃን አየሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ነገር አትሞ ለሰው መስጠት፣ ሰውየውም መልሶ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲጽፈው ማድረግ ምን የሚሉት አገልግሎት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

212 መስመር በሦስት ምሽት ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። ቀኑን እንደ ወረቀቱ አስቀመጥኩ፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር። ወደ ግኑካሽ ሳስገባው ፕሮግራሙ የቀኑን አጻጻፍ ቅደም ተከተል ጠየቀኝ። እኔም ወር የሚቀድምበትን መረጥኩ። ለምን? ደክሞኝ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ብዙ መስመሮች ስሕተት አለባቸው ብሎ አሳየኝ። ስሕተት ያለባቸውን እለፍ የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አደረግኩበት። ለማረጋገጥ አንድ መስመር መርጬ ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፤ ኦገስት 8 ነበር። ስምንተኛው ወር፣ ስምንተኛው ቀን! ከስድስት ወር ውስጥ ቢገለበጥም የማያስታውቀውን ቀን መርጬ አረፍኩ።

የሆነው ይህ ነው፦ ከ12 በላይ የሆነ ቀን ወር ሊሆን ስለማይችል ከ13 ጀምሮ ያሉት ቀናት በሙሉ ተዘለሉ። የቀሩት ደግሞ ተገለበጡ። ዲሴምበር 3 የገባው ደመወዜ ማርች 12 ሆኖ ተቀመጠ። ደመወዝ የሚገባው በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ አብዛኛው ገቢ ተረፈ፤ ወጪው ግን ከግማሽ በላይ ጠፋ። በፕሮግራሙ መሠረት ባንክ ውስጥ ሊኖረን የሚገባው ገንዘብ ካለን በ41,260 ብር ይበልጣል።

ባለቤቴ ደብተሯን አየችና «እኔ ጋር ምንም አልጎደለም» አለች። እኔ ደብተሯን አላመንኩም፣ ኮምፒውተሩን አመንኩ። ላፕቶፔን ታቅፌ ባንክ ሄድኩ፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። አራት ቀን ያመላለሱኝ ቂም አለብኛ! መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ስክሪኑን ትንሽ ካየች በኋላ ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ የወሰዱት መግለጫ ከጁላይ ጀምሮ አይደል? ይህ ፌብሯሪ ከየት መጣ?» አለችኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ የተማሪዬ አባት ነበር።

ሁሉንም አጥፍቼ የዚያን ዕለት ጠዋት ያለንን ገንዘብ መነሻ አድርጌ ጀመርኩ። ስድስቱ ወራት እስካሁን የሉም፤ አንድም ቀን አስፈልገውኝ አያውቁም።

ቀን ግን አልለቀቀኝም። የጃንዋሪ 2025 ዘገባ ላይ ገቢዬ ዜሮ ሆኖ ወጣ፣ ወጪው ደግሞ የጥምቀት እንግዳ ያለበት የጎንደር ቤት ወጪ ነው። ይህኛው ስሕተት አልነበረም። የታኅሣሥ ደመወዝ ለገና ተብሎ በ21 ገባ፣ ማለትም ዲሴምበር 30፤ የጥር ደግሞ በ26፣ ፌብሯሪ 3። ጃንዋሪ በመሀል ባዶውን ቀረ። የፈረንጅ ወር የሚገባው እኛ ከ20 በኋላ ስንሆን ነው፤ ደመወዝም የሚወጣው እዚያው ድንበር ላይ ነው። የሞከርኳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ደግሞ ጳጉሜን አያውቁም። ስለዚህ የእኛ ወሮች በፈረንጅ መቼ እንደሚጀምሩ በወረቀት ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፤ የዘገባውን መነሻና መድረሻ ቀን በእሱ አስተካክላለሁ፣ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር እደምራለሁ። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በ2020 መጀመሪያ ወረቀቱን መቀየር አለብኝ።

የቁጠባ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች «እያንዳንዷን ሳንቲም በየዕለቱ መዝግቡ» ይላሉ። አትስሟቸው። እኔ ሞክሬው በሁለተኛው ሳምንት ሰልችቶኛል። ቡና፣ ባጃጅ፣ የጫማ ማስጠረጊያ ሁሉ በሳምንት አንዴ «ኪስ» ተብሎ በአንድ መስመር ይገባል። መብራት በድንገት ሲጠፋም አትደንግጡ፤ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል። ስትመለሱ ፋይሉ በሌላ ሰው እንደተያዘ ይነግራችኋል፤ ሌላ ሰው የለም፣ ክፈቱት። ቅጂውን ግን በፍላሽ አድርጋችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ የሚቀመጥበት ቦታ ፈልጉለት። የእኛ ስኳር ዕቃ ሥር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴ ከደብተሯ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት 40 ብር አልገጥም አለ። ደብተሯን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አስነበብኳት፤ በሦስተኛው ዘግታው ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ልብሴን ስቀይር 40 ብሩን ከኮቴ ኪስ አገኘሁት። አልነገርኳትም፤ «ኪስ» ብዬ አስገባሁት።