አምስት አመት ያላየሁት ዛፍ

ነገሩ የጀመረው መስኮቴ ፊት ለፊት የነበረው ቅርንጫፍ የተቆረጠ ቀን ነው። ከስራ ስገባ ክፍሉ ብርሃን በብርሃን ሆኗል፣ መጀመሪያ መብራት ሳላጠፋ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ከዛ ወደ ውጪ ሳይ የተቆረጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለእህቴ ደውዬ "ዛፉን ቆረጡት እኮ" ስላት "ውይ፣ ምን አይነት ዛፍ ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አምስት አመት ሙሉ እዛ መስኮት ስር ላፕቶፕ ከፍቼ ስቀመጥ ቅጠሉ ሰፊ ይሁን ቀጭን፣ አበባ ያውጣ አያውጣ አላውቅም። ስልኬ ላይ ግን የቱ አፕ የት ጋ እንዳለ አይኔን ጨፍኜ ነው የማገኘው። የምሬን ነው በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ስንት አመት አጠገቤ የኖረ ጎረቤት ሞቶ ስሙን የማላውቀው ያህል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሀሳብ ራቅ ብሎ መሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሶስት ሰአት ተጉዤ ጫካ ገባሁ፣ አየሩም ፀጥታውም ደስ ይላል፣ ማታ ቤት ስደርስ ግን ስልኬ ላይ ወደ ሁለት መቶ ፎቶ አለ እና አንድ ቅጠል በእጄ መንካቴን አላስታውስም። ሰኞ ሲመጣ ያው ነኝ፣ ምንም አልተቀየረም። ጫካ መሄድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ የኔ ችግር ግን ርቀት አልነበረም፣ ዛፉ እኮ ከወንበሬ አስር እርምጃ አይሞላም።

ስለዚህ ወደሱ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት አስር ደቂቃ እሱ ስር መቀመጥ፣ ስልክ ቤት ይቀራል፣ ከዛ ደብተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ፣ ትናንት የጻፍኩትን መድገም ግን አይቻልም። በቃ ይሄው ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? የመጀመሪያው ሳምንት ግን በጣም ከባድ ነበር፣ እጄ ዝም ብሎ ወደ ኪሴ ይሄዳል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አይኔ ዛፉ ላይ ሆኖ ሀሳቤ ኢሜይል ውስጥ ነው፣ በአራተኛው ቀን ተውኩት። ከአስር ቀን በኋላ እንደገና ስጀምር ያቺ "መድገም አይቻልም" የምትለው ነገር ናት ያዳነችኝ፣ ምክንያቱም ቅርፊት፣ ቅጠል፣ ጥላ ምናምን ብለህ ከጨረስክ በኋላ አዲስ ነገር ለመጻፍ የግድ ጠጋ ማለት አለብህ።

ጠጋ ስል ጉንዳኖቹን አየሁ። ግንዱ ላይ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ሁለት ሲገናኙ ቆም ብለው በአንቴናቸው ይነካካሉ፣ ከዛ ያልፋሉ፣ ቀጥሎ ካለውም ጋር እንደዛው። ሰላምታ ይመስላል፣ ግን በጠረን ነው የሚተዋወቁት፣ አንዷ ሌላዋ ከየት ጎጆ እንደሆነች የምታውቀው በዛ ነው። አንድ ጠዋት አንዷን ብቻ በአይኔ ተከትዬ አስሩ ደቂቃ ሃያ ሆኖ አገኘሁት። ከዛ ደግሞ ድንቢጦቹ። ሁሌ ሁለት አይነት ወፍ ነው የሚመጣው ብዬ ነበር የማስበው፣ አንዱ ጉሮሮው ላይ ጥቁር ነገር ያለበት፣ ሌላው እንዲሁ ቡናማ። ለካ ወንድና ሴት ናቸው! ጫጩት ሲያደርሱ ደግሞ ጥሬ ለቃሚዎቹ በአፋቸው ትል ይዘው ሲመላለሱ አየሁ፣ ለልጆቻቸው ነፍሳት ነው የሚመግቡት። ያን ቀን ደብተሩ ላይ አንድ መስመር አልበቃኝም።

የዛፉን ስም በአፕ ነው ያገኘሁት፣ ጃካራንዳ። እዚህ ጋ የተማርኩት ነገር አለ። ፎቶ አንስተህ በሁለት ሰከንድ ስሙ ከመጣልህ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል፣ ታልፈዋለህ። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ሳምንት አያለሁ፣ በእርሳስ እሞነጫጭራለሁ (ስዕል አልችልም፣ ቢሆንም ቅጠሉ ከስንት ጥቃቅን ቅጠል እንደተሰራ ያወቅኩት ለመሳል ስሞክር ነው)፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስም ግን ያስፈልጋል፣ ስሙን ካወቅኩ ወዲህ ስንት መንገድ ላይ እንዳለ ማየት ጀመርኩ። በ1999 እ.ኤ.አ. ጀምስ ዋንደርሲና ኤልዛቤት ሹስለር የሚባሉ ሁለት ምሁራን ለእንዲህ አይነቱ አለማየት ስም አውጥተውለታል፣ እፅዋትን አለማየት የሚል፣ አካባቢያችን ያለውን ተክል እንደ ጀርባ ስዕል ቆጥሮ ማለፍ ማለት ነው። ሳነበው ስለኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

አንድ ዛፍ በመስኮት ማየት ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ሁሌ የማነሳው ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ ሆስፒታል ውስጥ የሰራውን ጥናት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ የሀሞት ከረጢት ኦፕሬሽን የተደረገላቸው 46 ሰዎች፣ ግማሾቹ መስኮታቸው ዛፍ ያሳያል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ከሆስፒታል ቶሎ ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ደግሞ አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰው ተጠይቆ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዛ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤናቸውም ስሜታቸውም ጥሩ ነው ብለዋል፣ በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ የለውም። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ጤነኛ ሰው ራሱ ብዙ ይወጣላ። እኔ ግን ሂሳቡን ሰራሁት፣ አስር በሰባት 70 ነው፣ እሁድ የ50 ደቂቃ የእግር መንገድ ጨመርኩበት።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ ሀዘኑ ነው። ማየት ስትጀምር የጎደለውም ይታይሃል። ለእናቴ ስለ ድንቢጦቹ ስነግራት "እኛማ ልጆች ሆነን የወፍ ጫጫታ ነበር የሚቀሰቅሰን" አለችኝ። እኔ ስድስት ድንቢጥ አይቼ ብዙ ነው ብዬ ነበር። ዳንኤል ፖሊ የሚባል የአሳ ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ይሄንን ጽፎታል፣ እያንዳንዱ ትውልድ ስራ ሲጀምር ያገኘውን ልክ ነው ብሎ ይነሳል፣ ከዛ በፊት የነበረው አይቆጠርም። እሱ የጻፈው አሳ ስለሚያጠኑ ሰዎች ነው፣ የኔ ስድስት ድንቢጥ ግን ያው ነው። ብዙ ቀን ከብዶኝ ነበር። ቢሆንም ካለማየት ይሻላል፣ የማታውቀውን ነገር ሲሄድ እንኳን ማልቀስ አትችልም።

አሁን አስራ አራት ወር ሆኖኛል። ጭንቀቴ ጠፋ አልልም፣ አልጠፋም፣ ጠዋት ግን ስልኬን ከመክፈቴ በፊት እወጣለሁ፣ እሱ ብቻውን ቀኔን ቀይሮታል። ትናንት የጻፍኩት ስለ ተቆረጠው ቦታ ነው። ዙሪያውን አስራ አንድ ቀንበጥ አውጥቷል፣ አንዱ ከክንዴ ረዝሟል፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ነው የሚያድጉት። የድሮው ቅርንጫፍ ወደ መስኮቴ ዘንበል ያለ ነበር መሰለኝ። እርግጠኛ ሆኜ ግን መናገር አልችልም፣ አላየሁትማ።